የደም ጠብታና የሒሳብ ደብተር፤ ጉዞ ወደ ሰሜን ቨርጂኒያ ኮሌጅ

ከውጭ አገር የተመለሰን ሰው ዘመዶቹ ከበው ሲጠይቁት፣ ጥያቄያቸው ዘወትር ስለ ሕንጻው ከፍታ፣ ስለ መንገዱ ስፋትና ስለ ገበያው ነው። መንገደኛው ዋሽንግተንን አይቶ የመጣ እንደሆነም ስለ ነጩ ቤተ መንግሥት፣ ስለ ሊንከን መታሰቢያና ስለ ፖቶማክ ወንዝ ያወራል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ አገር የራሱን ልጆችና ከሌላ አገር መጥተው አብረውት የሚኖሩትን ሰዎች እንዴት አድርጎ እንደሚያስተምር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ከሐውልቶቹ ጥቂት ራቅ ብሎ መሄድ ይኖርበታል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ በሐሳብ ከእኛ ጋር ይጓዙ። የምንሄደው ወደ ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚያገኙት ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እንገልጻለን።

ከዋሽንግተን መሐል ከተማ ተነሥተው በምድር ውስጥ ባቡር፣ በሰማያዊው መስመር ይሳፈሩ። ባቡሩ ከፖቶማክ ወንዝ ሥር አልፎ ወደ ቨርጂኒያ ግዛት ይገባል። ከዚያም የአርሊንግተንን መካነ መቃብር፣ ፔንታገን የተባለውን ታላቅ ሕንጻና የአውሮፕላን ማረፊያውን አልፎ፣ በአሮጌዪቱ በአሌክሳንድሪያ ከተማ በኩል ወደ ደቡብ ይወርድና ፍራንኮኒያ-ስፕሪንግፊልድ በተባለው ጣቢያ ላይ መንገዱን ይፈጽማል። ስፕሪንግፊልድ ለጎብኚ የሚታይ ውበት አላት ለማለት አይቻልም። ስሟ የሚታወቀው ሦስት ታላላቅ የመኪና መንገዶች እየተጠላለፉ በሚገናኙበት መስቀለኛ ቦታ ነው፤ ነዋሪዎቹም መንገዱን በቀልድ «የመደባለቂያው ሳሕን» ይሉታል። ታዲያ ከዚህ የመኪና ጩኸት ብዙም ሳይርቅ፣ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅ በ2003 ዓ.ም. የከፈተው የሕክምና ትምህርት ግቢ ይገኛል። በዚህ ግቢ ነርሶች፣ የራጅ ባለሙያዎች፣ የጥርስ ንጽሕና ጠባቂዎችና የሕክምና ላቦራቶሪ ቴክኒሺያኖች ይሠለጥናሉ። እኛን ወደዚህ ያመጣን የመጨረሻው ክፍል ነው።

«ኮሙኒቲ ኮሌጅ» የሚለው ስም ለጆሮዎ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካን አገር ስመ ጥር የሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚቀበሉት መርጠው ነው፤ ክፍያቸውም ከባድ ነው። ኮሙኒቲ ኮሌጅ ግን በአንድ አካባቢ ለሚኖር ሕዝብ የተከፈተ፣ የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ ቤት ነው። ሁለተኛ ደረጃን የፈጸመ ሁሉ፣ ዕድሜው ሃያም ይሁን ሃምሳ፣ ሊገባበት ይችላል፤ ክፍያውም ከዩኒቨርሲቲው በእጅጉ ያነሰ ነው። የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ተብሎ የሚጠቀሰው በ1901 ዓ.ም. በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ የተቋቋመው ኮሌጅ ሲሆን፣ ሥራውን ሲጀምር የነበሩት ተማሪዎች ስድስት ብቻ ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሲዮን እንዲህ ያሉ ኮሌጆች በአገሩ ሁሉ እንዲስፋፉ አሳሰበ። ኮሌጆቹም ከዚያ ወዲህ በየግዛቱ በዙ።

የሰሜን ቨርጂኒያው ኮሌጅ የተቋቋመው በ1964 ዓ.ም. ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቤይሊስ ክሮስሮድስ በተባለው ሰፈር፣ በአንድ ሕንጻ ውስጥ፣ 761 ተማሪዎችን ይዞ ማስተማር ጀመረ። ዛሬ ግን በአሌክሳንድሪያ፣ በአናንዴል፣ በላውደን፣ በማናሰስ፣ በውድብሪጅና በስፕሪንግፊልድ ስድስት ግቢዎች አሉት። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። ኮሌጁ የተወለደበት የቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ በአሁኑ ጊዜ የኢትዮጵያውያን ሱቆችና ምግብ ቤቶች ተሰብስበው የሚገኙበት ቦታ ነው። በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ጀበናውንና እንጀራውን ገዝቶ የሚወጣ ሰው፣ የዚያ ትልቅ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ክፍሎች በነበሩበት ሰፈር ላይ እየተራመደ መሆኑን ምናልባት አያውቅም።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከአገራቸው ውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከዋና ዋናዎቹ መኖሪያዎች አንዱ እንደሆኑ የታወቀ ነው። ከእነዚህም ወገኖቻችን ብዙዎቹ ታክሲ በመንዳት፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በሆቴልና በሱቅ በመሥራት ኑሯቸውን ጀምረዋል። ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ የኮሙኒቲ ኮሌጅ ጥቅሙ፣ ከሥራው ሳይወጣ መማር መቻሉ ነው። ትምህርቱ በቀንም በማታም ይሰጣል፤ በአንድ ወቅት አራት ትምህርት ለመውሰድ ያልቻለ ሰው ሁለት ወይም አንድ ብቻ ይወስዳል። ሁለት ዓመት የተባለው ትምህርት በዚህ ዓይነት አራትና አምስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ቢሆንም ይፈጸማል። በኮሌጁ የአሌክሳንድሪያ ግቢ ወይዘሮ ጂል ባይደን ከ2009 እስከ 2024 ዓ.ም. እንግሊዝኛ ጽሑፍ ያስተምሩ ነበር፤ ባለቤታቸው ምክትል ፕሬዚዳንት፣ በኋላም ፕሬዚዳንት በነበሩበት ዘመን እንኳ የተማሪዎቻቸውን ደብተር ማረም አልተዉም። ይህን የምናነሣው የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ቤት ሥራ በአገሩ ዘንድ ምን ያህል የተከበረ እንደሆነ እንዲረዱልን ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ውጭው በር ነው፤ ይህም በር ሰፊ ነው። ወደ ውስጥ የገባ ተማሪ ግን ሌላ በር ይጠብቀዋል፤ እርሱም ሒሳብ ነው። በአሜሪካን ኮሙኒቲ ኮሌጆች ለብዙ ዘመን የቆየው ልማድ አዲሱን ተማሪ በፈተና መዝኖ፣ ሒሳቡ ደካማ ሆኖ ከተገኘ ለዲግሪ ወደማይቆጠር የማጠናከሪያ ክፍል መላክ ነበር። በዚያ ክፍል አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት የቆየ ተማሪ ጥቂት አይደለም፤ ተስፋ ቆርጦ የወጣውም ብዙ ነው። የቨርጂኒያ ኮሌጆች በ2012 ዓ.ም. ያንን የማጠናከሪያ ሒሳብ ወደ ዘጠኝ አጫጭር ክፍሎች ከፋፍለው ተማሪው የጎደለውን ብቻ እንዲማር አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በብዙ ግዛቶች ተማሪውን በቀጥታ ወደ ኮሌጁ ሒሳብ አስገብቶ ከጎኑ ረዳት ትምህርት መስጠት እየተለመደ መጥቷል።

አሁን እስቲ አንድ ሰው በሐሳብዎ ይሳሉ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ሌሊት ሲሠራ አድሯል፤ ከአልጀብራ ጋር ከተለያየ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ለመሆን ቆርጦ ተመዝግቧል። በመጀመሪያ የተሰጠው መጽሐፍ ግን ስለ ደም የሚናገር ሳይሆን ስለ ክፍልፋይ፣ ስለ ንጽጽርና ስለ ሎጋሪዝም የሚናገር ነው። በዚህ ጊዜ ሰውዬው «እኔ ደም ልመርምር እንጂ ድልድይ ልሥራ አልመጣሁ፤ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገኝ?» ቢል ማን ይፈርድበታል? ሒሳቡን እንደ አጥር ቆጥሮ፣ ዘሎት አልፎ ለመርሳት ይፈልጋል። የዚህን ሰው ጥያቄ በአፍ ከመመለስ ይልቅ ወደ ላቦራቶሪው ይዞት መግባት ይሻላል፤ እርስዎም አብረው ይግቡ።

በተማሪዎች ላቦራቶሪ ውስጥ በየጠረጴዛው ላይ ማይክሮስኮፕ፣ የሙከራ ብርጭቆዎችና ፒፔት የሚባለው የፈሳሽ መስፈሪያ ይገኛሉ። ነጭ ካባ የለበሰው ጀማሪ በመጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ የደም ሕዋሳትን በዓይን መቁጠር ነው። ደሙ እንዳለ ሊቆጠር አይችልም፤ እጅግ የበዛ ነውና። ስለዚህ ነጩን ሕዋስ ለመቁጠር አንድ እጅ ደም በፈሳሽ ቀጥኖ ሃያ እጅ እንዲሆን ይደረጋል። ከዚያም ኖይባወር በሚባለው፣ እንደ ዳማ ገበታ በተሠመረ መስተዋት ላይ ይፈስሳል። በአራቱ ማዕዘን ያሉት አራት ካሬዎች እያንዳንዳቸው ወርዳቸውም ቁመታቸውም አንድ ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀታቸው የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ነው። በጠቅላላው 0.4 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ይይዛሉ ማለት ነው።

ተማሪው በአራቱ ካሬ ውስጥ 140 ሕዋስ ቆጠረ እንበል። ይህን በ20 አባዝቶ ለ0.4 ሲያካፍለው 7,000 ያገኛል። ለአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ከ4,000 እስከ 11,000 የተለመደ ስለሆነ፣ ይህ ሰው ደህና ነው። ነገር ግን ተማሪው ደሙ ሃያ ጊዜ መቅጠኑን ረስቶ 140ን ለ0.4 ብቻ ቢያካፍል ውጤቱ 350 ይሆናል። ይህን ቁጥር ያየ ሐኪም ሕመምተኛው በሽታን የሚከላከልበት ኃይል ሁሉ አልቆበታል ብሎ ይደነግጣል፤ ለብቻው እንዲተኛም ሊያዝ ይችላል። የተቆጠረው ሕዋስ ያው ነው፤ ማይክሮስኮፑም ያው ነው። ጤነኛውን ሰው ሕመምተኛ ያደረገችው አንዲት የተረሳች ብዜት ናት።

«ዛሬ ይህን ሁሉ መኪና ይቆጥረው የለም ወይ?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በትልልቅ ሐኪም ቤቶች አብዛኛውን ቁጥር የሚያወጣው መኪና ነው። ነገር ግን መኪናውም ወሰን አለው። በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከ600 በላይ ማንበብ የማይችል መሣሪያ አለ እንበል። ስኳሩ ከዚያ ያለፈ ሕመምተኛ ሲመጣ፣ ቴክኒሺያኑ አንድ እጅ ናሙና ከአራት እጅ ማቅጠኛ ጋር ቀላቅሎ እንደገና ያስነብባል። መሣሪያው 130 አለ። ትክክለኛው መልስ 130 በ5 ተባዝቶ 650 ነው፤ ይህም ሕይወትን የሚያሰጋ መጠን ነው። «አንድ ለአራት» የተባለውን ሰምቶ በ4 ያባዛ ሰው 520 ይጽፋል፤ ጨርሶ ማባዛቱን የረሳ ደግሞ 130 ይጽፋል። 130 ምሳ በልቶ ለመጣ ሰው የማያስደነግጥ ቁጥር ስለሆነ፣ ለሞት የቀረበው ሕመምተኛ ወደ ቤቱ ሊሸኝ ይችላል። አንድና አራት ሲደመሩ አምስት መሆናቸውን ሕፃን ያውቃል፤ በሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከሃያ ናሙና መካከል፣ አምስት መሆናቸውን የሚያስታውስ ግን የሠለጠነ ሰው ነው።

ስለ ሎጋሪዝምም እንዲሁ ነው። ብዙ ተማሪ ሎጋሪዝም ከመጽሐፍ ውጭ የት እንደሚኖር አያውቅም። የደም አሲድነት የሚለካው ፒኤች በተባለ ቁጥር ሲሆን፣ ጤነኛ ደም ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ቦታ ላይ ይገኛል። ይህ ቁጥር የተሠራው በሎጋሪዝም ነው። አንድ ሕመምተኛ ከ7.4 ወደ 7.1 ቢወርድ፣ ሎጋሪዝም ያልገባው ሰው «የሦስት አሥረኛ ልዩነት ምን ያህል ነው!» ብሎ ያልፈዋል። የገባው ሰው ግን የሁለት ሎጋሪዝም ሦስት አሥረኛ ያህል መሆኑን ስለሚያውቅ፣ በሰውዬው ደም ውስጥ ያለው አሲድ እጥፍ መሆኑን ይረዳል፤ ሳይዘገይም ስልኩን አንሥቶ ሐኪሙን ይጠራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን በላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ ወይም በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚታየው የመቆጣጠሪያ ሰንጠረዥ ነው። የታሪኩ አመጣጥ ከሕክምና አይደለም። በ1924 ዓ.ም. ዋልተር ሹዋርት የተባለ የስልክ ኩባንያ ሊቅ፣ የፋብሪካ ዕቃ ሲበላሽ ቶሎ ለማወቅ የሚያስችል ሰንጠረዥ አወጣ። በ1950 ዓ.ም. ሌቪና ጄኒንግስ የተባሉ ሰዎች ይህንኑ ዘዴ ወደ ሕክምና ላቦራቶሪ አመጡት። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና በየዕለቱ ከሕመምተኞች ናሙና ጋር ይመረመራል። የዚያ ናሙና አማካይ 100፣ ስታንዳርድ ዴቪየሽን የሚባለው የመራራቂያ መለኪያው ደግሞ 2 ቢሆን፣ ከመቶ ዘጠና አምስት ያህሉ ውጤት ከ96 እስከ 104 ባለው መካከል ይወድቃል።

እንግዲህ ዛሬ ጧት 105 ቢመጣ ቴክኒሺያኑ ምን ያድርግ? መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ሥራ ያቁም? ወይስ ከሃያ ቀን አንድ ቀን ያህል በአጋጣሚ እንዲህ ሊሆን ይችላል ብሎ ይቀጥል? ለዚህ ጥያቄ ጄምስ ዌስትጋርድና ባልደረቦቹ በ1981 ዓ.ም. ሕግ አወጡ። ከአማካዩ ሦስት መለኪያ ያለፈ አንድ ውጤት ቢገኝ፣ ወይም በተከታታይ ሁለት ውጤቶች በአንድ ወገን ሁለት መለኪያ ቢያልፉ፣ የዚያ ዙር ውጤት እንዳይወጣ ይከለከላል። በእኛ ምሳሌ 105 ብቻውን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ነገ ደግሞ 105 ቢደገም ግን ማቆም ግድ ነው። ያ በማታ ትምህርት ቤት «ስታቲስቲክስ» ተብሎ የተማረረበት ትምህርት፣ እዚህ ላይ ሲደርስ የመቶ ሰዎችን ውጤት ለማውጣት ወይም ለማገድ ሥልጣን የሚሰጥ ዳኛ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ተማሪው ስለ ደም፣ ስለ ሽንት፣ ስለ ተሐዋስያን፣ ስለ ደም ባንክና ስለ ኬሚስትሪ ምርመራ ይማራል፤ ትምህርቱንም የሚፈጽመው በሐኪም ቤት ላቦራቶሪ በባለሙያ ሥር ተለማምዶ ነው። ኮሌጁ ለሁሉ ክፍት ቢሆንም በእንዲህ ያለው የጤና ትምህርት ውስጥ ያለው ወንበር የተወሰነ ስለሆነ፣ የሒሳብና የሳይንስ ውጤቱ ያማረ ተማሪ ይቀድማል። በመጨረሻም በአገሩ ሁሉ የታወቀው ፈተና አለ። የአሜሪካን የክሊኒካል ፓቶሎጂ ማኅበር የላቦራቶሪ ሠራተኞችን መዝግቦ ምስክር ወረቀት መስጠት የጀመረው በ1928 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ለቴክኒሺያን የሚሰጠው ፈተና በኮምፒዩተር የሚቀርቡ 100 ጥያቄዎች ሲሆኑ፣ የተፈቀደው ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ያለፈ ሰው ሥራ ሊይዝ ይችላል፤ የፈለገም ሁለት ዓመቱን ወደ አራት ዓመት ዲግሪ አሳድጎ ከፍ ወዳለው ደረጃ ይወጣል።

ይህ ሐሳብ ለአገራችን ጨርሶ እንግዳ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሲከፈት፣ ዓላማው ሐኪም በማይገኝበት አገር የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ጠባቂዎችን ማሠልጠን ነበር። በቅርብ የሚገኝ፣ በአጭር ጊዜ የሚያሠለጥን፣ ለሕዝቡ ሥራ የሚያደርስ ትምህርት ማለት ይኸው ነው። ሒሳቡም ከውቅያኖስ ማዶ ያለው ሒሳብ ነው። በመተማ ወይም በጋምቤላ ጤና ጣቢያ የተቀመጠ ቴክኒሺያን የወባን ብዛት ሲለካ 200 ነጭ ሕዋስ እስኪቆጥር ድረስ ያያቸውን የወባ ተሐዋስያን ይቆጥራል፤ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ 8,000 ነጭ ሕዋስ አለ ብሎ በመገመትም ያሰላል። 50 ተሐዋስያን ካየ፣ 50 በ8,000 ተባዝቶ ለ200 ሲካፈል 2,000 ይሆናል። ነገ መድኃኒቱ መሥራቱን የሚያውቀው ይህን ቁጥር ከነገው ቁጥር ጋር አመዛዝኖ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት እርስዎ ተማሪ ነዎት፤ ምናልባትም በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ያዥ ሆነው ከሥራ ሲወጡ በማታ ለመማር ያስባሉ። ሐሳብዎም ነርስነት፣ ላቦራቶሪ ወይም ፋርማሲ ሊሆን ይችላል። እንግዲያው ከዚህ ጉዞ ይዘውት እንዲመለሱ የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሒሳብ ወደ ሙያው ከመግባትዎ በፊት የሚዘለል አጥር አይደለም፤ ራሱ ሙያው ነው። አጥር ነው ብሎ የዘለለው ተማሪ ውጤቱን አግኝቶ ትምህርቱን ይረሳል፤ ከዚያም አንድ ሌሊት የረሳውን ይፈልገዋል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው እርሱ ሳይሆን ስሙን እንኳ የማያውቀው ሕመምተኛ ነው። ሕመምተኛውም የላቦራቶሪውን ሰው አያየውም፤ የሚያየው ሐኪሙን ነው። ሐኪሙ የሚያምነው ደግሞ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው።

ስለዚህ የድሮውን የሒሳብ መጽሐፍ ከሣጥኑ ያውጡት። መጀመር ያለብዎ ከከባዱ አይደለም፤ ከክፍልፋይ፣ ከንጽጽርና ከነጥብ ቁጥር ይጀምሩ። አንዱን ጥያቄ በሁለት መንገድ ሠርተው መልሱ አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ይህ ልማድ በላቦራቶሪ ውስጥ በየቀኑ የሚፈለግ ነው። ከዚያም መልሱን ሲጽፉ፣ ከቁጥሩ ጎን መለኪያውን መጻፍዎን አይርሱ። ሰባት ሺህ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ደም ውስጥ ሰባት ሺህ ነጭ ሕዋስ ሲባል ግን ስለ አንድ ሰው ጤንነት ይናገራል።